ከእንስራ ጋር ዕርቅ

ወገዳ፣ ስማዳ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓለምነህ ይበልጣል፣

እንደምን ሰነበትህ? ብርዱ እንዴት ያዘህ? እኛ፣ ሚካኤል ይመስገን፣ አለን። ገብሱ ሊደርስ ነው፣ ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ኔትወርኩ ግን እንደ ጠፋ ነው። ይህን ደብዳቤ ባለሱቁ ሙንዲር ሸቀጥ ሊያመጣ ደብረ ታቦር ሲወርድ በስልኩ አንሥቶ ይልክልሃል። ያንተም ሲመጣ እዚያው በወረቀት አስወጥቶ ያመጣልኛል። ስለዚህ ሙንዲር እንደሚያነበው እያወቅህ ጻፍ።

ስለ አባባ ለጠየቅኸው፣ ደኅና ናቸው። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ከብቱን ያያሉ። እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ይልህ ነበር፤ አልዘጋውም። የዚህ ወር የሚካኤል ማኅበር አያ ተሻገር ቤት ነበር፤ አባባ አልሄዱም። እማማ የሞተች ጊዜ እንኳ ያልቀሩበት ማኅበር ነው።

ምን ሆነው ነው ማለትህ ገርሞኛል። አንተ አልነበርህም እንዴ? በመስከረም ሚካኤል፣ ተራው የኛ ሆኖ ማኅበርተኛው ቤታችን ሲሰበሰብ፣ የእማማን እንስራ ከጓዳ ያወጣኸው አንተ ነህ። አባባ ከስንት ዘመን ጀምሮ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ጽዋውን የሚያነሡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ደክሞኛል፣ አውርዱኝ» ይላሉ። ሰዉ ደግሞ ተነሥቶ «ለማን ትተውን» እያለ ይለምናቸዋል። እንቢ ይላሉ፣ ይለመናሉ፣ በመጨረሻ ጽዋውን ያነሣሉ። አንተ ግን ከሮማኒያ ይዘኸው በመጣኸው ትምህርት «ልመናው ይቅር፣ ሰው የልቡን በምስጢር ይምረጥ» አልህ። ባቄላ ማለት ይቀጥሉ፣ አተር ማለት ይረፉ። ሁላችንም እጃችንን በነጠላ ሸፍነን ከእንስራው ከተትን። አንተም ገለበጥኸው። አንድ ባቄላ አልነበረበትም።

እኔ የማስበው፣ እያንዳንዱ ሰው «መለመኑን ሌላው ይለምናል፤ እኔ አፋቸው ያለውን ላክብርላቸው» ብሎ አተሩን ጣለ ብዬ ነው። ይህን የማስበው ለመጽናናት ይሁን እውነት ሆኖ፣ አላውቅም። ከእንስራ ድምፅ አይወጣም። አንተ ግን ፊትህ በርቶ ነበር የቆጠርኸው። አባባ እንግዳውን ሁሉ አብልተው አጠጥተው ሸኙ፤ ከዚያ እንስራውን ጓዳ ወስደው በአፉ ደፉት። እስካሁን እንደ ተደፋ ነው፤ ውኃ የምቀዳው በጀሪካን ነው።

እኅትህ ሰርካለም


ቡካሬስት
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ሰርካለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሥራ በዛብኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ሥራ አልበዛብኝም።

ከደብዳቤሽ ግርጌ በእርሳስ የጨመርሽውን አይቼዋለሁ። አልመልስም። ማን ምን እንደ ጣለ አይጠየቅም፤ ምስጢር ያልሁትም ለዚህ ነው። ደግሞ ማንም አልተገደደም፤ አባባም ራሳቸው ደክሞኛል ብለዋል። ሰው የተናገረውን ማመን እንዴት ጥፋት ይሆናል?

አባባ «ለመሆኑ እዚያ ምን ሊማር ነው የሄደው?» ብለው ለጠየቁት እንዲህ በይልኝ። እንደ ፈረንጅ በ1848 እዚህ አገር አብዮት ተነሥቶ ነበር። ያኔ ዋላኪያ ይባላል። ባላገሩ በባለርስቱ መሬት ላይ እየኖረ በጉልበቱ ይገብር ነበር። አብዮተኞቹ መንግሥቱን ሲይዙ ከየአውራጃው አንድ ባለርስትና አንድ ባላገር አስመጡ፤ በአንድ አዳራሽ አስቀመጧቸውና በመሬቱ ነገር ተነጋገሩ አሏቸው። እኔ የማጠናው ይህ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ነው። መኳንንት ብቻ በሚናገሩበት አገር፣ ሰው ሁሉ እኩል ይናገር የሚለው ነገር በማን አፍ ተጀመረ? ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመፆችና ጽሑፎችም እያነበብሁ ነው። አባባ ቢሰሙት የሚወዱት ይመስለኛል።

እንስራውን ግን ለምን አታነሺውም? ዕቃ እኮ ነው።

ወንድምሽ ዓለምነህ


ወገዳ
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለምነህ፣

ዛሬ የነቢያት ጾም ገባ፤ በሰላም ያስፈጽመን። የላክኸው ካፖርት የለበስህበት ፎቶ ደርሷል። አባባ አይተው «ከስቷል» አሉ።

ምስጢር ነው ትላለህ። አንተ የተማርህ ሰው፣ አንድ ባቄላ ባልተገኘበት እንስራ ውስጥ ምን ምስጢር አለ? እኔ የጠየቅሁህ የማውቀውን ነው፤ በአፍህ እንድትለው ብዬ ነው።

ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ በኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ ሄዱ። ቄስ ጥበቡ ቤት ነበር። እኔ ለምኛቸው፣ ነጠላቸውን አጥቤላቸው ሄዱ። ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ያስቀመጣቸውም ከላይ ነው። ቀና ብሎ ያያቸው ግን አልነበረም። ቄስ ጥበቡ ጸሎቱን አድርሰው፣ እንደ ደንቡ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት «የተጣላችሁ ካላችሁ ታረቁ» አሉ። አባባ ተነሡ።

«ተጣልቻለሁ አባ» አሉ። «ከማን ጋር እንደሆነ ግን አላውቀውም።»

ቄስ ጥበቡ «እንዴት ያለ ነገር ነው?» ቢሏቸው እንዲህ አሉ። ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ።

«መሬት ላራሹ የተባለ ጊዜ እዚች ወይራ ሥር ነበር የተሰበሰብነ። እጅ ሲወጣ ማን እንዳወጣ ማን እንዳላወጣ ይታይ ነበር። ይኸው ተሻገር ያን ጊዜ በኔ ላይ እጁን አወጣ። ተኳረፍነ፤ ሰንብተን ታረቅነ፤ ልጁን ጥጋቡንም ክርስትና አነሣሁለት። አሁን ከማን ልታረቅ? ከእንስራ ጋር? እኔ ቂም ይዤ ጽዋ አልጠጣም። ቂሙን እንዳልተወው ደግሞ ባለቤቱን አላውቀው።»

ይህን ብለው ዱላቸውን ይዘው ወጡ። የተከተላቸው የለም፤ ሁሉም የሚያፍረው ከጎኑ ያለውን ሰው ነበር። አንተ ልትሄድ ስትል ሙሴ ይሁን ያላችሁት ጥጋቡም «የክርስትና አባቴ በእጃቸው ካልሰጡኝ አላነሣም» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ጽዋው እንደ ተሸፈነ ዋለ። ቄስ ጥበቡ የጥር ሚካኤል፣ ታቦቱ ከጥምቀት የሚገባበት በዓል፣ እስኪደርስ ካልታረቃችሁ ጽዋው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ ማኅበሩም ይፈርሳል ብለዋል። አባባ ያቋቋሙት ማኅበር በሳቸው ምክንያት ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ይህን ካሰቡ ጀምሮ እህል የሚበሉት ለኔ ብለው ነው።

ትናንት በረት ሲጠርጉ ድንገት «እነዚያ ባላገሮች፣ ያንተ ወንድም የሚላቸው፣ ከጌቶቹ ፊት ተቀምጠው ምን አሏቸው?» አሉኝ። ቢጨንቃቸው ነው መሰለኝ እኔን ሴቲቱን «አንተ» ያሉኝ። ጻፍላቸው።

ሰርካለም


ቡካሬስት
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፣

በመካከል የላክሽው አጭር ወረቀት ደርሶኛል። ሙንዲር ስልኩ ላይ ያሳየሽ ፎቶ እውነት ነው። ያ ከኋላዬ በሰሌዳው ላይ የሚታየው የእማማ እንስራ ነው፤ መስከረም ላይ ያነሣሁት ነው።

ምን ብለህ ተናገርህበት ላልሽኝ፣ እንዲህ ብዬ ነው። እዚህ የታሪክ ምሁራን ስብሰባ ነበር። ስለ ዋላኪያ አብዮት ከተናገርሁ በኋላ «ይህ ሐሳብ ዛሬም ሕያው ነው፤ በኔ መንደር ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች በጥራጥሬ መርጠው፣ ያለ ጠብና ያለ ጩኸት አለቃ ቀየሩ» አልሁ። አለቃው አባቴ እንደሆኑ አልተናገርሁም። አንዲት ሸምገል ያሉ መምህር እጃቸውን አውጥተው «ሽማግሌውስ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «ዝም አሉ» አልሁ። ሰዉ አጨበጨበ። ዝምታቸውን ስምምነት አድርጌ ሸጥሁት። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁት፤ ደብዳቤሽን ካነበብሁ ወዲህ ግን መምህሯን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

ለአባባ ጥያቄ መልሱ ይኸው። ባላገሮቹ በባለርስቶቹ ፊት አልፈሩም። መሬቱ የላባችን ነው፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ተገረፍንበት አሉ። ባለርስቶቹም ርስቱ የአባቶቻችን ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። አንድ ቀን ከባለርስቶቹ አንዱ ተነሥቶ «እውነት ነው፤ እኔም ገርፌያችኋለሁ፣ ገፍፌያችኋለሁ፤ ወንድሞቼ ይቅር በሉኝ» አለ። ባላገሮቹም «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አሉት። ይህ በቃለ ጉባኤያቸው ተጽፎ ይገኛል።

እታለም፣ ይህን ገጽ ካነበብሁት ቆይቻለሁ። ግን ከጥናቴ አውጥቼው ነበር። ሐሳብ አይደለም፣ ለቅሶ ነው ብዬ። የምፈልገው ስለ መብትና ስለ ሕግ የተናገሩትን ብቻ ነበር። ሰዎች ፊት ለፊት ስለ ተነጋገሩበት ጉባኤ ስማር ቆይቼ፣ አገሬ ስገባ ሰው ፊቱን የሚደብቅበት እንስራ አመጣሁ። ድምፅ በምስጢር መስጠት ክፉ ነው አልልም፤ ባላገር ጌታውን በሚፈራበት አገር ጋሻ ነው። አባባን ግን ማን ይፈራቸው ነበር?

ዓለምነህ


ወገዳ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ስለ ፎቶው የጻፍኸውን ለአባባ አላነበብሁላቸውም። የጉባኤውን ግን አነበብሁ። አውድማው ላይ ነበሩ፤ በሬዎቹን አቁመው ሰሙ። ባለርስቱ የተነሣበትን ቦታ ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምሁ። እንደገና ድገሚልኝ አሉ። ከዚያ «ስሙ ታውቆ፣ ፊቱ እየታየ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ይመስለኛል አልኋቸው።

«እንዲያ ከሆነ ይቅር ማለቱ አይቸግርም» አሉና በሬዎቹን ነዱ።

መጨረሻቸው ምን ሆነ ለሚለው ቀድመህ በላክኸው ቁራጭ መልሰሃል። ጉባኤውን ራሳቸው አብዮተኞቹ ባለርስት ሲቆጣባቸው እንደ ዘጉት፣ ከዚያ የውጭ ጦር እንደ ገባ፣ ባላገሩ መሬት ያገኘው ብዙ ዘመን ቆይቶ እንደሆነ ነገርኋቸው። አዘኑ። «ይቅርታው ግን ተጽፎ ቀርቷላ» አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከሳቸው እሰማለሁ አላልሁም።

የማኅበርተኛውን ነገር ለጠየቅኸኝ፣ እስካሁን መጥቶ «የኔ ነው» ያለ የለም። ሰላምታ ግን በዝቷል። አያ ጓዴ ለአጨዳ ሳይጠሩት መጥቶ ዋለ፤ አመሻሹ ላይ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ስለ በሬው አውርቶ ሄደ። አያ ተሻገር ገበያ ላይ አባባን ሲያይ ሙንዲር ሱቅ ገብቶ የማይገዛውን ሳሙና እያገላበጠ ቆየ አሉ። ሙንዲር ራሱ ነው የነገረኝ፤ «የናንተ ማኅበር ሱቄን ሞላው» እያለ ይሥቃል።

ከእንግዲህ ስለዚያ ነገር አልጠይቅህም። አንተን እያፋጠጥሁ መኖር አምሮኝ ነበር፤ ለምን እንዳማረኝ ግን እኔ አውቃለሁ። አባባ አንድ መስመር አስጽፈውኛል፤ ከወረቀቱ ጀርባ አለልህ።

ሰርካለም


ቡካሬስት
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ይበልጣል፣

እንደምን ከረሙ? እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ጉልበትዎን በርቀት እስማለሁ።

ያስጻፉልኝን አነበብሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚጠይቁኝ «በልተህ ታድራለህ ወይ?» ብቻ ነው። አዎ፣ በልቼ አድራለሁ። ክፍሌም ይሞቃል። ይህን ስጽፍ ግን ፊቴ ከክፍሌ ይበልጥ ይሞቃል።

አባባ፣ አንዱ አተር የኔ ነው። ሌላው ሰው ለክብርዎ ብሎ ጥሎት ይሆናል፤ እኔ ለክብርዎ አልጣልሁትም። ባቄላ ቢበዛ ኖሮ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ይቀጥል ነበር፣ የምጽፈውም አይኖረኝም ነበር። የምጽፈው ፈልጌ ነው። ለፈረንጅ የማሳየው ነገር አማረኝና የእርስዎን ወንበር ሰጠሁ። ከዚያም እየቆጠርሁ አንድ ባቄላ እንኳ እንዲወጣ በልቤ ለመንሁ፤ ሌላ ሰው እንዲያድነኝ ማለት ነው። አልወጣም።

እዚህም ዝም ማለትዎን ተስማሙ ብዬ ተናግሬ ነበር። ጥያቄውን ለጠየቁኝ መምህር እውነቱን ጽፌላቸዋለሁ። አባቴ መሆንዎንም ነግሬያቸዋለሁ።

መንገዱ ተከፍቶ ቢሆን መጥቼ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጅዎ እወድቅ ነበር። በወረቀት ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ። ስሜ ከታች አለ።

ልጅዎ ዓለምነህ ይበልጣል


ወገዳ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዓለምነህ፣

እንኳን አደረሰህ። የሆነውን ሁሉ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ ብለሃል፤ ምንም ላላስቀር ነው፣ ቢከብደኝም።

ደብዳቤህን ሙንዲር ያመጣው በጥምቀት ዋዜማ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝና «ይኸን አላነበብሁም፣ ያባትሽ ነው» አለኝ። ለአባባ ደጅ ላይ አነበብሁላቸው። እስክጨርስ መሬቱን ያዩ ነበር። «የምጽፈው ፈልጌ ነው» ያልህበት ላይ ሣቅ አሉ። መልካም ሣቅ ነበር፤ ልጅ ስኳር ሲሰርቅ እንደሚሣቀው ያለ። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ አንድ ሰው ተገኘ» አሉ። ስምህን አሳይኝ አሉና ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ።

የሚካኤል ዕለት ታቦቱን ሸኝተን ማኅበሩ ቤት ገባን። ቄስ ጥበቡ ያንኑ ጠየቁ። አባባ ተነሡ። «ከልጄ ጋር ተጣልቼ ነበር። አተሩ የኔ ነው ብሎ ስሙን ጽፎ ላከልኝ፤ ይቅር ብዬዋለሁ። የቀረውም ካለ ፊቱን ያሳየኝ፤ ቂም ይዤ መሞት አልፈልግም» አሉና ቆሙ።

እኔ አገልግሎት ላይ ያለሁ መስዬ ዋንጫ አለቀልቅ ነበር። በኋላ አያ ተሻገር ተነሣ። «የኔ አተር ነው። ያከበርሁዎ መስሎኝ፤ ሌላው ይለምናቸዋል ብዬ ነው» አለ። እንዲሁ እያሉ ሦስት አራት ሰዎች ተነሡ። አያ ጓዴ ግን «እኔ ለክብር አይደለም» አለ። «አምና በበሬው ነገር የፈረዱብኝን ይዤብዎት ነው። አፌን ሞልቼ ብነግርዎት ይሻል ነበር።» አባባ «እሱስ ፍርዱ ትንሽ ጠምሞ ነበር» አሉት። ቤቱ ሣቀ፤ ጓዴ ግን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ቀድሞ እንደ ተነሣ አላውቅም፤ ሁሉም ይናገር ነበር።

ሰዉ ሙሴነቱን መልሰው ይያዙልን ብሎ መለመን ጀመረ። እንደ ድሮው እንቢ አሉ፤ ተለመኑ፤ እንቢ አሉ። በመጨረሻ ጽዋውን አንሥተው ለጥጋቡ ሰጡት። «ዘንድሮ የምሬን ነው የደከመኝ» አሉ። መጀመሪያ የጠጡትም ከጥጋቡ እጅ ነው።

አሁን የከበደኝ ይመጣል። እኔ አልተነሣሁም። ሁሉም ሲናገር እኔ ዋንጫ ማለቅለቄን አልተውሁም። ሦስት ወር አንተን በእርሳስ ስጠይቅህ፣ በአፍህ በለው ስልህ የኖርሁ እኔ ነኝ። ያ ባቄላ ያልተገኘበት እንስራ እኔንም እንደሚጨምር ታውቅ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መልሰህ አልጠየቅኸኝም። ጨዋነትህ ደኅና አድርጎ ነው ያሳፈረኝ።

ቤት ስንደርስ አባባ ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡ። እንስራውን አነሡና አቧራውን በነጠላቸው ጠርገው ደጅ አወጡት። «ሰርኬ» አሉኝ። «የኔም አተር እዚህ ውስጥ ነበረ። ሰው ራሱን አይሾምም፤ ባቄላ ብጥል እኔ ምን ልባል? አባትሽን ከሻሩት አንዱ እኔ ነኝና ታረቂኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኋቸው። እሳቸው ግን ከቆሙበት አልሄዱም። የሚጠብቁት ነገር ነበረ፤ እኔም አውቄዋለሁ። እንስራውን አዝዬ ወደ ምንጩ ወረድሁ፤ ሞልቼም ብዙ ተቀመጥሁ። ስመለስ ደጅ ላይ እንደ ቆሙ ነበሩ። ውኃውን ከጀርባዬ ሳላወርድ ነገርኋቸው፤ እንዲያርፉልኝ ብዬ እንደ ጣልሁት፣ ከማረፋቸው ይልቅ ግን የኔን ድካም አስቤ እንደ ነበር፣ በየተራችንና በየሽምግልናው ለሚመጣ ሰው ሁሉ ጠላ መጥመቅ ታክቶኝ እንደ ነበር ሁሉንም ነገርኋቸው። እሳቸውም መጥተው እንስራውን ከጀርባዬ አወረዱልኝ።

እኅትህ ሰርካለም ይበልጣል